ሦስተኛው መስመር

ቢሮ ስውል ቀኝ እጄን ከመዝገብ ሥር እደብቃለሁ፤
ጥፍሬን አሳድጌያለሁ፣ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ።
«የቀኙን አራት አሳድጎ የግራውን ይከረክማል፤
ወይ ስለት አለበት ይህ ሰው፣ ወይ ደግሞ አንድ ነገር ታሟል»
ይላሉ ከመስኮቱ ማዶ፣ የመብራት ሊከፍሉ የመጡ፣
ደረሰኙን ተቀብለው ጣቴ ላይ እያፈጠጡ።

የመብራት ቤት ጸሐፊ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ሲጨልም
እኔም ቤት እኩል ይጨልማል፤ ለሠራተኛ ቅናሽ የለም።
ያኔ ነው ጊታሩን የማነሣ፤ ወረቀቱ ባይታየኝም
ሦስተኛው መስመር ከነእሾሁ በጨለማም አይጠፋኝም።

ወረቀቱ የጋሽ እንየው ነው፤ ኩባ ድረስ ሄዶ የተማረ፣
የከብት ሐኪም ሆኖ ሲመለስ ፍኖተ ሰላም ላይ የኖረ፤
ሁለት ሱሪ፣ አንድ ጊታር፣ አንድ ጥቅል ወረቀት ይዞ፣
በሰማያዊ ቀለም የገለበጠው፣ ላብ ነክቶት ዳሩ ደብዝዞ።
የስፔን ሰው ነው የደረሰው፣ ከሦስት መቶ ዓመት ወዲያ፤
ስሙን ምስጥ በልቶታል፤ የተረፈው ርእሱ ነው፦ «ፎሊያ»።
«ቀስ» ይላል ከዳሩ ላይ። «ቀስ» ይላል ደግሞ ከሥሩ።
ሦስተኛው መስመር ጋ «አንተ!» ብቻ፣ በቀይ፣ ከነቁጣው ከነምክሩ።
አሁን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በስልክ ስጫወትለት እየሰማ
«ፈርተህ ነው የምትፈጥነው» ይለኛል፤ «ፈሪ ይቀድማል ከዜማ።»

ክሩ ሲበጠስ ባሕር ዳር፣ ለዓሣ አጥማጅ እደውላለሁ፤
ቀጭን ናይሎን፣ ሁለት ክንድ። «ምን ልታጠምድበት ነው?» ሲለኝ
«ገና አላየሁትም» እላለሁ።

ችግሩ ይኸውላችሁ፦ ስድስት ምት ነበር፣ ሦስት ሦስት ተከፍሎ፤
ድንገት ሁለት ሁለት ይሆናል፣ እዚያው ስድስት ውስጥ ተደላድሎ።
አውራ ጣቴ የድሮውን ሲል፣ ሌባ ጣቴ አዲሱን ሲል፣
ድንበር ላይ እንደተገናኙ ሁለት ገበሬዎች፦ ጥል።

የጭቃው ግድግዳ ስስ ነው፤ ማዶ ወይዘሮ ትሁኔ ልብስ ትሰፋለች፤
ስሳሳት የመኪናዋን መርገጫ አቁማ ግድግዳውን በጣቷ ትመታለች፦
«ዛሬም እዚያው? በቅሎህ የጨሞጋን ድልድይ አይታ ቆመች?
አትግረፋት ልጄ፤ ውሃውን ትይ፤ ስትጠግብ ራሷ ታልፋለች።»
ደግሞ ሌላ ቀን፦ «ክር ያጠበቀ ጨርቅ ያኮማትራል፣
ያላላም ይተረተራል።»
ስለ ስፔን የምታውቀው የለም፤ እኔም ብዙ አላውቅም፤ በዚህ ግን
ጋሽ እንየውና እሷ ሳይተዋወቁ ተስማምተዋል።

አንድ ቀን ጥፍሬ ተሰበረ፣ የከሰል ጆንያ ሳወርድ፤
ሦስት ሳምንት በሥጋ ጣት፤ ድምፁ ጋቢ እንደተከናነበ ሰው በብርድ።
ሲያድግልኝ፣ አንዷን ክር አርባ ጊዜ። ጥፍሩ ሲቀድም ትሻክራለች፤
ሥጋው ሲቀድም ትታፈናለች፤ እኩል ሲነኩ ግን ትበስላለች።
ከአርባው ሁለቴ በሰለች።

ሐምሌ መጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ ክሬ አይሰማም፤
ብሳሳትም የሚያውቅ የለ፤ እኔም ጣቴን አላማም።
ሁለት ሳምንት፣ ምናልባት ሦስት፣ እንዲህ ድምፅ አልባ ስንመላለስ
አንድ ማታ ዝናቡ ቀጥ አለ፤ የቀረው ውሃ ከጠርዙ ሲፈስ
ሰማሁት፦ ሦስተኛውን አልፌ አራተኛው መሐል ነበርኩ።
መቼ እንደተሻገርኩ እንጃ። ድልድዩን ዞሬም አላየሁ፤ ሄድኩ።
እስከ መጨረሻው ሄድኩ። ከዚያ ጨለማው ውስጥ ዝም አልኩ፤
ከግድግዳው ማዶ አንዲት ቃል ጠበቅኩ።

ብዙ ቆየች። «ታመሃል እንዴ?» አለች በመጨረሻ፤
«መሰናከያህን ስጠብቅ አመሸሁ፤ እሷ እኮ ነበረች ለእኔ
ሥራ ማብቂያ፣ የመኝታ ማስታወሻ!»

ሳቅሁ። እንደገና ከላይ ጀመርኩ፤ ሦስተኛው ላይ በደህና፤
አምስተኛው ላይ ግን፣ ማንም በቀይ ያልጻፈበት ጉድባ አለና
ደንበር አልኩ።

ከማዶ፣ «እፍ» አለች ኩራዙን።